ምዕራፍ ሦስት፦ ጭቃ ያቆማቸው ከተሞች

ፓሪስ በሚገኘው የሉቭር ሙዚየም ውስጥ አንድ ጭንቅላት የሌለው ሐውልት ተቀምጧል። ቁመቱ 93 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ዳዮራይት ከሚባል ጥቁርና እጅግ ጠንካራ ድንጋይ ተጠርቧል። ሰውየው እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ጉልበቱ ላይ ሰሌዳ አኑሯል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ሰሌዳው ላይ የተጫሩ መስመሮች አሉ፤ የአንድ ቅጥር ግቢ ፕላን ናቸው። የግድግዳው ውፍረት ከውስጥና ከውጭ በመስመር ተለይቷል፤ በየርቀቱ ወደ ውጭ ወጣ ያሉ ድጋፎች ተሥለዋል፤ ስድስት በሮችም ይታያሉ። በሰሌዳው ጠርዝ ላይ በልኬት የተከፋፈለ ማስመሪያ አለ። የዛሬ አርክቴክት ይህን ፕላን ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል።

ሰውየው ጉዴአ ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2120 ገደማ በዛሬዋ ደቡብ ኢራቅ ላጋሽ የምትባለውን ግዛት ይገዛ ነበር። ፕላኑም ኒንጊርሱ ለተባለው አምላክ ላሠራው ቤተ መቅደስ ነው። ሐውልቱ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ድንጋዩ ከማጋን፣ ማለትም ከዛሬዋ ኦማን አካባቢ፣ እንደመጣ ይናገራል። ጉዴአ ለሐውልቱ የሚሆን ድንጋይ ባሕር አሻግሮ አስመጣ፤ ለቤተ መቅደሱ ግን የአገሩን ጭቃ ተጠቀመ። ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል ያለው የደቡብ ሜዳ ወንዞቹ ያነጠፉት ደለል ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሄዱበት ለውሻ የሚወረወር ድንጋይ የለውም። ዛፉ ተምርና አኻያ ነው፤ የተምር ግንድ ደግሞ ረጅም ጣሪያ አይሸከምም። ዝግባ የፈለገ ንጉሥ እስከ ሊባኖስና እስከ አማኑስ ተራሮች ሰው መላክ ነበረበት። አገሩ ሞልቶት የተትረፈረፈው ጭቃ፣ ሸምበቆና ፀሐይ ነው።

በዚህ ምዕራፍ ላሳይ የምፈልገው የመጀመሪያዎቹን ታላላቅ ሕንፃዎች ቅርጽ ያወጣው የዚህ ጭቃ ድክመት መሆኑን ነው። ወፍራሙ ግድግዳ፣ ከፍ ያለው መድረክ፣ በየርቀቱ ወጣ ገባ የሚለው ፊት፣ በመጨረሻም በእርከን ተደራርቦ እንደ ተራራ የቆመው የቤተ መቅደስ ግንብ፣ ዚጉራት፣ ሁሉም በውኃ ለሚፈርስ ነገር የተሰጡ መልሶች ናቸው።

ከጡቡ እንጀምር። አፈሩ በውኃ ይርሳል፣ ጭድ ይጨመርበታል፣ በእግር ይረገጣል። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጭድ ካልያዘው ይሰነጠቃል። በኦሪት ዘጸአት ፈርዖን ጭድ ከልክሎ የጡቡ ቁጥር እንዳይቀንስ ያዘዘበትን ታሪክ ያነበበ ሰው፣ ትእዛዙ ምን ያህል ጨካኝ እንደነበር የሚገባው ይህን ሲያውቅ ነው። የቦካው ጭቃ ታች በሌለው የእንጨት ፎርማ ይሞላል፣ በእጅ ይደለደላል፣ ፎርማው ይነሣል፣ ጡቡም ፀሐይ ላይ ይቀራል፤ አንድ ጎኑ ሲጠና ይገለበጣል። ሜሶጶጣሚያውያን፣ ማለትም የእነዚህ የሁለቱ ወንዞች አገር ሰዎች፣ ለዚህ ሥራ የተለየ ወር ነበራቸው። ሲማኑ የሚባለው ሦስተኛው ወር፣ ግንቦትና ሰኔ አካባቢ የሚውለው፣ በጡብ ምልክት ይጻፍ ነበር። ጊዜው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ገብስ ስለታጨደ ጭድ አለ፤ የወንዞቹ ሙላት ስለጎደለ ትኩስ ደለል አለ፤ ፀሐይዋ ከርራለች፤ የገበሬውም እጅ ሥራ ፈትቷል። የእርሻው ዓመትና የግንባታው ዓመት በአንድ ገመድ ታስረው ነበር፤ ከተሞቹን የገነባው ጉልበትም ከመከር የተረፈ ጉልበት ነበር።

ጉዴአ ቤተ መቅደሱን እንዴት እንደሠራ የሚተርክ ረጅም ግጥም ከሸክላ በተሠሩ ሁለት ትላልቅ ሲሊንደሮች ላይ አስጽፏል። ሲሊንደሮቹን በ19ኛው መቶ ዘመን ኤርኔስት ደ ሳርዜክ የተባለ ፈረንሳዊ ቴሎ በተባለ ቦታ አገኛቸው። ግጥሙ ገዢው ራሱ የመጀመሪያውን ጡብ ሲመታ ያሳያል፦ ፎርማውን ያዘጋጃል፣ ማርና ቅቤ ይቀባል፣ የጭቃውን ቅርጫት በራሱ ላይ ይሸከማል፣ ጡቡንም ከፎርማው አውጥቶ ለፀሐይ ይሰጣል። ኋላ በምንመለስባት በዑር ከተማ፣ በሕንፃ መሠረቶች ውስጥ የተቀበሩ ትናንሽ የመዳብ ምስሎችም ንጉሡን ቅርጫት ተሸክሞ ያሳዩታል። በእኔ አስተያየት ይህ የሥነ ሥርዓት ማስመሰል ብቻ አይደለም። ንጉሥነት ማለት መጀመሪያ ጡብ የማስመታት ሥልጣን ነበር፤ ያንን ሥልጣን የያዘ ሰው በሕዝቡ ፊት ሊታይበት የፈለገው ልብስም የቀን ሠራተኛ ቅርጫት ነው።

የጭቃ ጡብ ክብደት በደንብ ይሸከማል። የማይችለው ውኃን ነው። ዝናብ ከላይ ያጥበዋል፤ ከመሬት የሚሳብ እርጥበት ደግሞ እግሩን ይበላዋል። ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ አንባቢ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ክረምት አልፎ ግድግዳው ካልተመረገ በሚቀጥለው ዓመት እንጨቱ ገጦ ይታያል። የሱመር፣ ማለትም የዚህ የደቡብ ሜዳ፣ ቤተ መቅደስም ዕጣው ይኸው ነበር፤ ግን ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የእንጨት ማገር እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ ግንበኞቹ ግድግዳውን አወፈሩት፤ በየርቀቱም ወደ ውጭ ወጣ የሚል ድጋፍ ጨመሩበት። ድጋፉ ግድግዳውን ያጠነክራል። ዛፍም ጥላም በሌለበት ሜዳ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አደረገ፦ ፀሐይ ስትዞር ወጣ ገባው ላይ ብርሃንና ጥላ እየተፈራረቁ ረጅሙን ባዶ ግድግዳ በእኩል ምት ከፋፈሉት። ይህ ወጣ ገባ ከጊዜ በኋላ የቤተ መቅደስ መለያ ሆነ፤ የአምላክ ቤት የሚታወቀው በዚህ ፊት ነበር።

ቁመቱ እንዴት እንደመጣ ለማየት ወደ ኤሪዱ መሄድ ያስፈልጋል። ፉአድ ሳፋር የተባለው ኢራቃዊና ሴቶን ሎይድ የተባለው እንግሊዛዊ ከ1946 እስከ 1949 (እ.ኤ.አ.) በዚያ ሲቆፍሩ፣ በአንድ ዚጉራት ፍራሽ ሥር አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ ቤተ መቅደሶች አገኙ፤ ንብርብሩም 18 ደረሰ። ከታችኞቹ አንዱ ሦስት ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ክፍል ነው፦ አንድ ጎድጓዳ መቆሚያ፣ መካከል ላይ አንድ የመሥዋዕት መደብ፣ በቃ። ያረጀውን ሲያፈርሱ ፍርስራሹን አልጣሉትም። የተቀደሰ ስለነበር ውስጡን በጡብና በአሸዋ ሞልተው፣ ደልድለው፣ አዲሱን በላዩ ሠሩ። አዲሱ ከአሮጌው ሰፋ፣ መድረኩም ከፍ አለ። ከላይኞቹ በአንዱ የመሥዋዕት መደብ ዙሪያ የዓሣ አጥንት ተቆልሎ ተገኝቷል፤ ኤሪዱ የጣፋጭ ውኃ አምላክ የኤንኪ ከተማ ናትና። ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ቦታው ሳይቀየር፣ አምላኩ በራሱ ፍራሽ ላይ እየተነሣ ወደ ላይ ወጣ። ዚጉራትን አንድ ሊቅ አንድ ቀን ተቀምጦ አላሰበውም፤ ከዚህ ልማድ በቀለ።

ኡሩክ፣ ኦሪት ዘፍጥረት ኦሬክ የሚላት፣ ይህን ልማድ ወደ ከተማ መጠን አሳደገችው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ሺህ ዓመት መጨረሻ ላይ 250 ሄክታር ያህል ስፋት ነበራት፤ በዘመኗ የሚስተካከላት ከተማ አይታወቅም። ቀጥሎ የተሠራው ቅጥሯ ደግሞ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራል። የጊልጋሜሽ ታሪክ የሚጀምረው አንባቢውን በዚህ ቅጥር ላይ ወጥቶ ጡቡን እንዲመረምር በመጋበዝ ነው። በከተማዋ መካከል በ13 ሜትር መድረክ ላይ ዛሬ ነጩ ቤተ መቅደስ የሚባለው ቆሞ ነበር። ቤቱ ራሱ 22 በ17 ሜትር ገደማ፣ ትልቅ የሚባል አይደለም፤ በነጭ ተለስኖ በሜዳው ላይ ከሩቅ እንዲታይ ያደረገው መድረኩ ነው።

ኡሩክ ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ግንበኞቹ ከሸክላ የጣት ያህል ርዝመት ያላቸውን ሹል ሾጣጣዎች ጠፍጥፈው ተኮሱ፤ ሰፊውን ጫፋቸውን ቀይ፣ ጥቁር ወይም ነጭ ቀለም ነከሩት፤ ከዚያም በእርጥቡ ልስን ላይ ጎን ለጎን ሰኩት። ዓምዶቹና ግድግዳዎቹ በነጠብጣብ ተሞሉ፤ ነጠብጣቦቹ ጥልፍልፍና ዚግዛግ ሠሩ፤ ያም ሸምበቆ ሲታታ የሚያወጣው ጥለት ነው። አንድ ዓምድ ለመሸፈን በሺዎች የሚቆጠር ሾጣጣ ያስፈልጋል። ሥራው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የተተኮሰው ሸክላ የጭቃውን ፊት ከንፋስና ከዝናብ ይጠብቀዋል። ውበቱ ጥበቃው፣ ጥበቃውም ውበቱ ነው። ዛሬ በርሊን የሚገኘው የጥንታዊ ምሥራቅ ሙዚየም የዚህን ግድግዳ ክፍል ይዟል፤ ቀለሙ አሁንም ይለያል።

ወደ ዑር እንለፍ፤ የአብርሃም አገር ተብላ ብዙ አንባቢ በስም ወደሚያውቃት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2100 ገደማ ንጉሡ ኡር ናሙ ለጨረቃ አምላክ ለናና ያስጀመረውን ዚጉራት ልጁ ሹልጊ ቀጠለው። የሥሩ ርዝመት ከ60 ሜትር፣ ስፋቱም ከ40 ሜትር ይበልጣል። በአንድ ፊት ሦስት ረጃጅም ደረጃዎች ወጥተው አንድ በር ላይ ይገናኛሉ። እንዲህ ያለ ክምር ዝናብ ቢገባበት ከውስጥ አብጦ ይፈነዳል። የኡር ናሙ መሐንዲሶች ይህን አውቀዋል። ውስጡን በፀሐይ በደረቀ ጡብ ሞሉ፤ ውጩን ግን በ2 ሜትር ተኩል ውፍረት በእሳት በተተኮሰ ጡብ ሸፈኑት፤ ማጣበቂያቸውም ዝፍት ነበር። የባቢሎንን ግንብ የሚተርከው የኦሪት ክፍል በድንጋይ ፈንታ ጡብ፣ በጭቃ ፈንታ የምድር ዝፍት እንደተጠቀሙ መዝግቧል፤ የጻፈው ሰው ስለ አገሩ አሠራር በትክክል ሰምቷል። በዚህ ልባስ ውስጥ ደግሞ እስከ ውስጠኛው ጭቃ የሚዘልቁ ጠባብ ቀዳዳዎች በረድፍ ተተዉ። ከ1922 እስከ 1934 የቆፈረው ሊዮናርድ ዉሊ ቀዳዳዎቹን አይቶ በእርከኖቹ ላይ ዛፍ ተተክሎ ነበር፣ ውኃውም በዚህ ይወጣ ነበር ብሎ ደመደመ። ቀለል ያለው ማብራሪያ የበለጠ ያሳምነኛል፦ ውስጡ እርጥበት ሲይዝ እንዲተነፍስ ነው።

ከባግዳድ በስተ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የአቃር ቁፍ ዚጉራት ደግሞ ሌላውን ዘዴ በግልጽ ያሳያል። የውጭ ልባሱ ስለረገፈ ሆዱ ይታያል። በየጥቂት የጡብ ረድፉ መካከል የሸምበቆ ሰሌን ተነጥፏል፤ ከጎን ወደ ጎን የተጎነጎነ የሸምበቆ ገመድ አልፏል። ሰሌኑ ክብደቱን ያከፋፍላል፣ ገመዱ ክምሩ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዛል። ዛሬ በኮንክሪት ውስጥ ፌሮ የምንከትበት ምክንያት ይኸው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዘመን የተነጠፈው ሸምበቆ አሁንም በዓይን ይታያል። ፍራሹም ከ50 ሜትር በላይ ቆሟል፤ የአውሮፓ መንገደኞች ለረጅም ጊዜ የባቢሎን ግንብ ይህ ነው ሲሉ ኖረዋል።

ከዑር የተገኙ ጡቦች ላይ የኡር ናሙ ስም በማኅተም ተመትቷል። በአንዳንዶቹ ላይ ከማኅተሙ ሌላ የውሻ እግር አለ። ጡቡ ገና እርጥብ ሳለ ውሻ በማድረቂያው ሜዳ አቋርጦ አለፈ፤ ሠራተኛውም ጡቡን አልጣለውም፣ ወደ እቶን አስገባው። በግድግዳው ውስጥ ማን ያየዋል?

ሕንፃው ሲያልቅ ሥራው አያልቅም ነበር። የሜሶጶጣሚያ ነገሥታት ጽሑፎች ስለ አዲስ ግንባታ ከሚያወሩት ባልተናነሰ ስለ እድሳት ያወራሉ፦ ቤተ መቅደሱ አርጅቶ አገኘሁት፣ መሠረቱን ፈለግሁ፣ እንደ ቀድሞው አቆምሁት። በ1854 ጆን ጆርጅ ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ በዑር ዚጉራት ማዕዘኖች ውስጥ የሸክላ ሲሊንደሮች አገኘ። የጻፈው የባቢሎን የመጨረሻው ንጉሥ ናቦኒዱስ ነው፤ ኡር ናሙና ሹልጊ የሠሩትን ዚጉራት እንዳደሰ ይገልጻል፤ ለልጁም ይጸልያል። ልጁ በትንቢተ ዳንኤል በግብዣው የምናውቀው ብልጣሶር ነው። ከኡር ናሙ እስከ ናቦኒዱስ 1,500 ዓመት አለ። ይህን ያህል ዘመን አንድ የጭቃ ክምር ቆሞ ከተገኘ፣ በየትውልዱ የመረገው ሰው ስለነበር ነው። ስለ ጥንታዊ ሕንፃ ስናወራ አሠሪውን እንጠራለን፤ መራጊዎቹ ግን ከአሠሪው እጅግ ይበዛሉ።

የጭቃ ሕንፃ ቆፋሪውንም ያታልላል። ወድቆ የተከመረው ጡብና ቆሞ የቀረው ጡብ አንድ አፈር ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን ብዙ ቆፋሪዎች የድንጋይ ሐውልትና ጽላት ፍለጋ ዋሻ እየማሱ በግድግዳዎቹ መካከል አልፈዋል፤ ግድግዳ መሆኑን ሳያውቁ። ይህን የለወጡት በባቢሎን ሮበርት ኮልደቫይ፣ በአሹር ደግሞ ዋልተር አንድሬ የመሯቸው የጀርመን ቡድኖች ናቸው፤ ከ1899 ጀምሮ። በትንሽ ዶማ ቀስ እያሉ መፋቅ፣ የአፈሩን ጥንካሬ በእጅ መስማት፣ በጡቦቹ መካከል ያለችውን ቀጭን የጭቃ መስመር መከተል ተማሩ። ከአሹር አጠገብ የምትገኘው የሸርቃት ሰዎች በዚህ ሥራ እጅግ ተራቀቁ። ሸርቃቲ የሚለው መጠሪያ ከዚያ በኋላ በመላው ኢራቅ የቁፋሮ ባለሙያ ማለት ሆነ፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ወረደ። ዛሬ በመጻሕፍት የምናያቸው የሱመር ቤተ መቅደሶች ፕላኖች በእነዚህ ሰዎች መዳፍ የተገኙ ናቸው።

ግብፅ ድንጋይ ነበራት። እዚያም ግን የመጀመሪያው ጡብ ጭቃ ነው፤ ጭቃውም የእኛ ነው። በየክረምቱ የግብፅን ዓባይ ይሞላ የነበረው ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ በዓባይና በተከዜ ታጥቦ የወረደ አፈር ነበር። የፈርዖኖች ቤተ መንግሥት፣ የገበሬው ቤት፣ የከተማው ቅጥር በዚህ አፈር ተሠራ፤ ድንጋዩ ለመቃብርና ለአማልክት ተለየ። በሉክሶር ከራምሴስ ሁለተኛ የቀብር ቤተ መቅደስ ጀርባ የተሠሩት ጎተራዎች የጭቃ ጡብ ቅስት ጣሪያቸው ከ3,200 ዓመት በኋላም በከፊል ቆሟል። ጡቦቹ ዘንበል ተደርገው እያንዳንዱ ረድፍ ባለፈው ላይ ተደግፎ ስለተሠራ የእንጨት መደገፊያ አላስፈለገም። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋትሂ በ1940ዎቹ አዲስ ጉርና የተባለችውን መንደር ሲሠራ ይህንኑ ዘዴ ከኑብያ ግንበኞች ተቀብሎ ተጠቀመበት።

ድንጋዩ ራሱ መጀመሪያ ላይ ጭቃና ሸምበቆ መስሎ መጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2650 ገደማ ለንጉሥ ጆሴር በሳቃራ የተሠራው ባለ ስድስት እርከን ፒራሚድ በተጠረበ ድንጋይ ከተሠሩ ትላልቅ ሕንፃዎች ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ከፍታው 60 ሜትር ያህል ነው። በዚያው የተገኘ የንጉሡ ሐውልት መቆሚያ ላይ የፒራሚዱ መሐንዲስ እንደሆነ የሚታመነው የኢምሆቴፕ ስም ከነማዕረጉ ተቀርጿል። በዙሪያው የሚሄደው ቅጥር ከ10 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ፊቱም ወጣ ገባ ነው፣ ልክ እንደ ጭቃ ግድግዳ። ድንጋዩ በትናንሹ ተቆርጦ እንደ ጡብ ተደርድሯል። በመግቢያው ያሉት ዓምዶች የታሰረ ሸምበቆ መስለው ተቀርጸዋል፤ ጣሪያው ድንጋይ ሆኖ ሳለ ክብ ግንድ ተመስሏል። በሩ ደግሞ ከነመሽከርከሪያው ከድንጋይ ተጠርቦ ለዘላለም ክፍት ሆኖ ቆሟል። ኢምሆቴፕ አዲስ ነገር በእጁ ይዞ የሚያውቀውን ቅርጽ ሠራ። ድንጋይ በራሱ ቋንቋ መናገር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ መቶ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ጊዛ ላይ ያሉት ግዙፍ ድንጋዮች መጡ።

የኢንዱስ ሸለቆ ከተሞች ሌላ መንገድ ሄዱ። ሞሄንጆ ዳሮ በብዛት የተተኮሰ ጡብ ተጠቀመች፤ የጡቡ ከፍታ፣ ስፋትና ርዝመት 1፣ 2 እና 4 በሆነ ምጣኔ ተወስኖ ነበር። ታላቁ መታጠቢያዋ 12 በ7 ሜትር ገደማ ሆኖ በዝፍት ታሽጓል፤ የጎዳናዎቿ የፍሳሽ ቦዮች በጡብ ተከድነዋል። ጡቡ እጅግ ጥሩ ስለነበር የእህቷ የሐራፓ ጥፋት ሆነ። በ19ኛው መቶ ዘመን የላሆርና የሙልታን ባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ሠራተኞቹ የፍራሹን ጡብ ለሐዲዱ መደላድል አጋዙት።

ጭቃውን ማንም ለባቡር አይወስደውም፤ ጠላቱ ጨው ነው። ኤሪዱ፣ ኡሩክና ዑር በ2016፣ ባቢሎን በ2019 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ መመዝገቡ ግን የከርሰ ምድሩን ውኃ አያወርደውም። ጨዋማው እርጥበት በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ይሳባል፤ ሲደርቅ ጨው ይረጋል፤ የረጋው ጨው ጡቡን ከውስጥ ያፈርሰዋል። ባለፈው መቶ ዘመን ሲሚንቶ እንደ መድኃኒት ተወሰደ፤ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ጉዳቱን ያባብሰዋል፤ የኡር ናሙ መሐንዲሶች ቀዳዳ የተዉለትን ችግር እኛ ደፈንነው። በ1980ዎቹ ሳዳም ሁሴን በባቢሎን የናቡከደነፆርን ቤተ መንግሥት በጥንቱ ፍራሽ ላይ በአዲስ ጡብ ሲያስነሣ በጡቦቹ ላይ የራሱን ስም አስመታ። ማኅተሙን ከጥንቶቹ ነገሥታት ወሰደ፤ አሮጌውን ግድግዳ ፈልጎ እንደነበረው የመመለስ ትዕግሥታቸውን ግን አልወሰደም፤ የአርኪኦሎጂ ባለሙያዎችም አጥብቀው ተቃወሙት። ለእነዚህ ግድግዳዎች የሚበጃቸው ከራሳቸው አፈር የቦካ፣ ጭድ የገባበት ምርጊት ነው፤ ዝናብ ሲያጥበው እንደገና የሚመረግ። ለዚህ በየዓመቱ የሚለቀቅ በጀትና ሙያውን የሚያውቁ ቋሚ ሠራተኞች ያስፈልጋሉ፤ የቅርስ ተቋማት ደግሞ ገንዘብ የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ ተጀምሮ ለሚያልቅ ፕሮጀክት ነው።